በደብዛዛ ብርሃን የሕፃናትን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(ለመስክ ሠራተኞች በፒያሳ ከተደረገ ንግግር)



በ2011 ዓ.ም. ለአንድ ዘገባ ፎቶግራፍ ለማንሣት እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ወደ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት ገብቼ ነበር። መስኮት የላትም፤ ብርሃን የሚገባው በበሯ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ያገላብጣል። ቸኩዬ ስለነበር በፍላሽ አነሣሁት። ልጁ በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፈነ። ዘገባውም ያንኑ ምስል ይዞ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ፤ ቤተሰቡም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ኋላ እናቲቱ አግኝታኝ፣ «የቤታችን ፎቶግራፍ ከእርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የነበረኝ ያው ዓይኑን የሸፈነው ልጅ ነበር።

ዛሬ የምናገረው ከዚያ ስሕተት የተማርሁትን ነው።

በጨለማ ቤት ውስጥ ፍላሹን ተዉት። ልጁንም ወደ ደጅ ማውጣት አያስፈልግም። ብርሃኑን ሳትጋርዱ፣ ከበሩ ወደ ፊቱ ከጎን እንዲወድቅ ሆናችሁ ተቀመጡ። በሩ ከልጁ ጀርባ ከሆነ ካሜራው በበሩ ብርሃን ይታለልና ፊቱን ያጠቁረዋል። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ልጅ አያርፍምና የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/125 ሰከንድ አታዘግዩት፤ የጎደለውን ብርሃን አይኤስኦውን ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ በማድረግ ሙሉት። ምስሉ ጥቂት ይሻክራል። ይሻክር፤ የተንቀጠቀጠ ፊት ግን አይታረምም። በስልክ የምታነሡም የሌሊት ማንሻውን አጥፉት፤ ተከታታይ ምስሎችን ስለሚያዋሕድ ለሚንቀሳቀስ ልጅ አይሆንም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር፣ በስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል ዙሪያ፣ በእናቶቻቸው ጎን የቆሙትን ልጆች ተመልከቱ። ነጠላው ያችን ጥቂት ብርሃን ተቀብሎ ወደ ፊታቸው ይመልሳታል፤ ባለሙያዎች አንጸባራቂ ሰሌዳ የሚገዙለት ሥራ ነው። ነገር ግን የበዛ ነጭ ካሜራውን ስለሚያሳስት ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ። ይህን የምላችሁ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ እንድትመዙ አይደለም፤ ዓይናችሁን እንድታሠለጥኑ ነው።

አንዳንዶቻችን፣ ያልተዘጋጀ ፊት ለማግኘት ሳያስፈቅዱ ማንሣት ግድ ይመስለናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የሰው ጓዳ ግን አደባባይ አይደለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ እናቱን ወይም አባቱን ጠይቁ፤ ምስሉ የት እንደሚወጣም ንገሯቸው። ልጁንም ጠይቁት። መጀመሪያ እንደ ፎቶ ቤት ደንበኛ ቀጥ ብሎ ይቆምላችኋል። አንሡትና አሳዩት፤ ይሳቅ። ከዚያ ካሜራውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ከቤተሰቡ ጋር ተጨዋወቱ፤ ቡናም ከቀረበ ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይሰለቻችሁና ወደ ደብተሩ ይመለሳል። የምትፈልጉት ፎቶግራፍ ያን ጊዜ ይገኛል።

አንድ ነገር ከኃላፊዎቻችን እለምናለሁ። በጉዞ በጀታችን ላይ የማሳተሚያ ገንዘብ ይያዝልን፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቅጂ በሚቀጥለው ጉብኝት እናድርስ።