ገለጻው ሳያመልጣችሁ
ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ የጀመዓችን ልጆች ሆሳዕና ላይ የተደረገ ንግግር

 

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በተለይም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁ ልጆቻችን!

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አዲስ ተማሪ ግቢ በገባ ሰሞን ስለሚሰጠው ገለጻ፣ እናንተ ኦሬንቴሽን ስለምትሉት ነው። ያነሳሁትም እኔ ራሴ ያለሁበት ስሕተት ስላለ ነው።

ከዚህ ጀመዓ የወጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ የዘመድ ሰርግ ስለነበረ ቤተሰቡ «ትምህርቱ ገና አልተጀመረም፣ ሰርጉን ውለህ ትሄዳለህ» ብለው አቆዩት። ሲደርስ ተመዘገበ፣ ዶርም ያዘ፤ ገለጻው ግን አልፎ ነበር። በሁለተኛው ወር አባቱ ታመሙ። ልጁ ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። «ና፣ አባትህን አስታም» አልኩት። ይህን በማለቴ ዛሬም አልጸጸትም። ግን «ለሬጅስትራር አስታውቀሃል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ትምህርቱን የሚያቋርጥ ተማሪ ዊዝድሮዋል የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ንብረት መልሶ፣ መታወቂያውን አስረክቦ ነው የሚወጣው። አባቱ ተሽሏቸው ሲመለስ ያልተፈተናቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው፣ እሱም ተሰናብቶ ጠበቀው። ይህ ደንብ በገለጻው ቀን ተነግሮ ነበር፤ የዶርም ጓደኞቹ ሁሉ ያውቁታል። ሁለት ዓመት ተመላልሶ አልሆነለትም፤ ዛሬ ሱቅ ይነግዳል። ከሰላት በኋላ ሲጨብጠኝ ያ ስልክ ትዝ ይለኛል።

ሱረቱል ከህፍን በየጁሙዓው እንቀራለን። ነቢዩ ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ዕውቀት ፍለጋ ተጉዘው ኸድርን ሲያገኙ፣ ከትምህርቱ በፊት የተነገራቸው የአብሮ መሄዱ ውል ነበር። የእሳቸው ውል አለመጠየቅ ነበር፤ የእናንተ ግን መጠየቅ ነውና አትሳሳቱ። ወሎ፣ ዳና ድረስ ቂርአት የወረደ ደረሳም ቢሆን ኪታብ ከመክፈቱ በፊት የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ነህውን ከማን፣ ፊቅህን ከማን እንደሚቀራ ይጠይቅ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ስለቆየ፣ ብዙዎቻችሁ ግቢ አድራችሁ ተፈትናችሁ ግቢውን ያወቃችሁት ይመስላችኋል። ያወቃችሁት የፈተና ክፍሉን፣ መኝታውንና ካፌውን ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ኮርስ ተመልሶ መጥቷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ውጤታችሁ የምትመደቡበትን ዲፓርትመንት ይወስናል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ውልም አለ፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ከፊሉን ተመርቃችሁ ልትከፍሉ የምትፈርሙበት ነው። ዕዳ ነው፤ ዕዳ ሳይነበብ አይፈረምም። እነዚህን ሁሉ ከመድረኩ ሲነገሩ ደብተር ይዛችሁ ጻፉ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ከገጠር መጣሁ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትፈሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ተማሪ እንደ እናንተው ፈርቶ የተቀመጠ ነው።

ስለ ዲናችሁም በዚያው ሰሞን አጣሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ስለሚያዝ፣ ግቢ ውስጥ መስጂድ አትጠብቁ። ቅርብ ያለው መስጂድ የት እንደሆነ፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በረመዳን የካፌው እራት እንዴት እንደሚሰጥ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለእኛ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሥራ አለን። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ልጆቻችን ሩቅ ሲሄዱ የሩቅ ሰው ልጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። መናኸሪያ ላይ ሻንጣ ተሸክሞ የቆመ ልጅ ስታዩ መንገድ አሳዩት። የባጃጅ ሾፌሮቻችን ዋጋ እንዳይቆልሉባቸው አደራ፤ አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ተቀምጣችሁ እየሰማችሁኝ ነው።

ሰርግ ያለባችሁ አባቶች ሙሽራው ይቅር ይላችኋል፤ ልጁን በጥሪው ቀን ላኩት። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ይያዝ። ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ አምና ግቢ የገቡ ሁለት ልጆቻችን በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚጠየቀውን እነሱን ጠይቋቸው፣ እኔም ከጎናቸው ሆኜ እሰማለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።