ለታላቁም ለታናሹም የሚስማማውን የትምህርት ደረጃ ስለ መምረጥ

(በሠፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተሰጠ ንግግር። ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለ ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ገበታ የራቁበት ጊዜ በዛ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ልጅ ቤት እንደ ቀረ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከጃናሞራ፥ ከወገራ፥ ከደንቢያ ወደ ከተማ ዘመድ ቤት የመጡም አሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ጣሪያ ሥር የ7፥ የ10 እና የ13 ዓመት ልጆች ይቀመጡና እናት "ማንን ከየት ላስጀምር?" ብላ ትጨነቃለች።

መልሱን በአጭሩ ልናገር። ልጁን በእድሜው አታስቀምጡት፤ በካርዱ ላይ በተጻፈው ክፍልም አታስቀምጡት፤ ዛሬ በእርግጥ በሚችለው ላይ አስቀምጡት።

"ካርዱ ምን አጠፋ?" የሚል ይኖራል። በኮሮናው ዓመት ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ብዙው ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ ከመቶ 3.2። እነዚህ ልጆች ሁሉ ከክፍል ክፍል እያለፉ የመጡ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

አሳቡ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የሚቀመጠው በእድሜው አይደለም። ፊደል የሚቆጥረው ፊደል ይቆጥራል፤ ፊደሉን የለየው ወደ አቡጊዳ፥ ከዚያም ወደ ንባብ ያልፋል፤ ንባቡ የጠናለት ዳዊት ይደግማል። የኔታ ያልያዘውን ልጅ "እድሜህ ደርሷል" ብለው አያሻግሩትም። በቁርኣን ቤትም በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ሳያጠና ሌላ አይጻፍለትም። በውጭ አገርም በ1995 እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት፥ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በማንበብና በማስላት ችሎታቸው እየመደበ በማስተማር በዓለም የታወቀ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፥ ልጁን ፈትኑት። ወጪ የለውም፤ አንድ አሮጌ የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ይበቃል። ፊደል ስትጠይቁ "ሀ ሁ ሂ" ብሎ በዜማ እንዲወርድ አትፍቀዱለት፤ በዜማ መውረድና ፊደል መለየት ለየቅል ናቸው። በጣታችሁ ድንገት "ቄ"ን፥ "ሹ"ን፥ "ጢ"ን አሳዩት። ከለየ ቃል አስነብቡት፤ ቃሉን ካነበበ አንድ አንቀጽ ስጡት፤ አንቀጹን ከጨረሰ መጽሐፉን ክደኑና "እስቲ ምን ይላል?" በሉት። ያነበበውን መናገር ካልቻለ ገና አላነበበም። በሒሳብም እንደዚሁ ነው። ቁጥር ይለይ፤ ቀጥሎ 52 ሲቀነስ 27 ያውጣ፤ ቀጥሎ 84ን ለ4 ያካፍል። የቆመበት ቦታ ደረጃው ነው። ስታስጀምሩት ግን ከቆመበት አንድ እርምጃ ዝቅ በሉ፤ ለሁለት ሦስት ቀን የሚያውቀውን ሠርቶ ልቡ ይሙላ።

ሁለተኛ፥ ደረጃው በየትምህርቱ ይለያያል። ቅዳሜ ገበያ ጉሊት ስትሸጥ የምትውል ልጅ መልስ ስትመልስ አንድ ብር አትስትም፤ ጋዜጣ ብትሰጧት ግን ርእሱን አታነብ ይሆናል። እንዲህ ያለችው ልጅ በሒሳብ የ4ኛ፥ በንባብ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ብትይዝ ምንም ነውር የለበትም።

ሦስተኛ፥ ከሁሉ የከበደው ነገር ይኸ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቤት የ13 ዓመት ልጅ በንባብ 2ኛ ክፍል ላይ ቀርታ፥ የ10 ዓመት ወንድሟ 4ኛ ክፍል ደርሶ ቢገኝስ? በእድሜዋ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ብትሰጧት ሳይገባት ስትገለብጥ ትውላለች። ከ7 ዓመቷ ታናሽ እኅቷ ጋር አስቀምጣችሁ "ወንድምሽ እንኳን በለጠሽ" ብትሏት ደግሞ መጽሐፉን ዘግታ ትነሣለች። መጽሐፉን የዘጋች ልጅ ቀጥሎ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ወይ ባል፥ ወይ የሰው ቤት፥ ወይ ዐረብ አገር ነው። ስለዚህ የእርሷ ሰዓት ለብቻው ይሁን፤ ታናናሾቿ በሌሉበት ታንብብ። ንባቡ የ2ኛ ክፍል ይሁን፤ ጉዳዩ ግን የ13 ዓመት ልጅ ይሁን። ስለ ዶሮና ስለ ጥንቸል ሳይሆን ከአገር ቤት የመጣ አጭር ደብዳቤ፥ የዕድር ማስታወቂያ፥ የመድኃኒት አወሳሰድ ታንብብ። ክብሯ ካልተነካ የቀረውን ቶሎ ትደርስበታለች፤ የትልቅ ልጅ አእምሮ ከትንሽ ልጅ ይፈጥናልና። በአገራችን በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ስፒድ ስኩል የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር ያስተምራል።

አራተኛ፥ ሦስት ልጅ አለ ማለት ሦስት ጊዜ ማስተማር ማለት አይደለም። ንባብና ሒሳቡ በየደረጃው ይሁን እንጂ ሌላውን በአንድነት ማስተማር ይቻላል። ስለ ፋሲል ግንብ እንናገር። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፤ ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ 12 በሮች አሉት። ታሪኩን ሁሉም አብረው ይስሙ። ትንሿ እስከ 12 ትቁጠርና "በር" ብላ ትጻፍ፤ መካከለኛው የሰማውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ትልቋ በሁለቱ ዘመናት መካከል ስንት ዓመት እንዳለ አስልታ 343 ታምጣ። ትምህርቱ አንድ፥ ደረጃው ሦስት።

አምስተኛ፥ ታላቅ ታናሹን ማስጠናቱ የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ የሚያስተምር ራሱም ይማራል። ነገር ግን ታላቂቱ ውኃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ታናናሾቿን አስጠንታ ስትጨርስ ለራሷ የሚተርፋት የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ከሆነ፥ ይህ ማስተማር ሳይሆን ማሠራት ነው። ከታናሾቿ በፊት የእርሷ አንድ ሰዓት ይያዝ። መብራት ቢጠፋም እንዳይቀር በቀን ብርሃን ይሁን። ወንዱ ልጅም ውኃ መቅዳት ይችላል አይደል?

በመጨረሻም፥ በየወሩ ማለቂያ እንደ ገና ፈትኗቸው። ያለፈውን አሻግሩት፤ ያላለፈውን ሳትቆጡ በሌላ መንገድ አስረዱት። የቤት ጥናት ትምህርት ቤትን አይተካም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁን ይዛችሁ ሂዱና "ንባቡ እዚህ፥ ሒሳቡ እዚህ ደርሷል" ብላችሁ ለመምህሩ በግልጥ ንገሩ። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር እንዲቀመጥ ተብሎ ድካሙ ቢሸሸግ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ መገለጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ደግሞ ለመጠገን ይከብዳል።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለ አሮጌ መጽሐፍ በቤቱ ያለው፥ ገጹ የተገነጠለም ቢሆን፥ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስረክብ፤ እየተዋዋስን እንጠቀምበታለን። በሠፈራችን የምትኖሩ መምህራንና የኮሌጅ ተማሪዎችም እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብትሰጡን ልጆቹን አብረን እንፈትናለን።