ስለ አሮጌው የዕድራችን ቤት
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በጸሐፊነት መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የታየኝን ልናገር።

ባለፈው ስብሰባ «ያ ጭቃ ቤት ይፍረስና መጋዘን ይሠራበት» ተብሏል። አልፈርድም፤ ሶማሌ ተራ ላይ እያንዳንዷ ክንድ መሬት ገንዘብ ናት። ግን ሌላው ያደረገውን እንይ።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ የአዲስ አበባ 100ኛ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ሲከበር የከተማይቱ ሙዚየም ሆነ። «እሱማ የመኳንንት ቤት ነው» የሚል ካለ ሐረርን ይመልከት። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ደርግ በወደቀበት ጊዜ አካባቢ ጌጡን፣ ሳንቲሙን፣ የእጅ ጽሑፉን መሰብሰብ ጀመሩ፤ በኋላም በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ለሰው አሳዩ። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ታድሶ የተሰጣቸው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ዕቃው ቀደመ፣ ቤቱ ተከተለ።

እኛስ ምን አለን? ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደዚህ ከመጣ ወዲህ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው እዚህ ሠፍሮ ተቀባብሯል። የለፋፊው ጡሩምባ፣ ቃሬዛው፣ ትልቁ ድስት፣ የመጀመሪያው የመዋጮ መዝገብ እዚያ ቤት ውስጥ አሉ። መዝገቡን ስገልጥ የአባቴን ስም አገኘሁት። መጻፍ ስለማይችል በአውራ ጣቱ አትሟል። አባቴ ፎቶግራፍ አልነበረውም፤ የቀረኝ ምልክት ያቺ አሻራ ናት። የስንቶቻችሁ አባት እዚያ እንዳለ እናንተው ቁጠሩ። ገጹ ደግሞ ዝናብ ነክቶታል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የሸማ ተራው እሳት በአንድ ሌሊት ያደረገውንም አይተናል።

ቤቱን ለአናጢ አሳይቼዋለሁ። ምሰሶው ደህና ነው፤ የበሰበሰው የግድግዳው እግር ነው። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ያን ጊዜ «ይጠንክር» ብለን የለሰንነው ሲሚንቶም እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን በላው። መድኃኒቱ የበሰበሰውን እንጨት ለውጦ እንደ ጥንቱ በጭቃና በጭድ መምረግ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መዝገቦቹ ዛሬውኑ በብረት ሣጥን ተደርገው ከዚያ ቤት ይውጡ። ሁለተኛ፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያውና አሸንዳው ይጠገን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የድሮ ዕቃ በደረሰኝ ያስቀምጥ፤ የማን እንደነበረም ይጻፍበት።

ከቀብር ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አትነካም፤ ወጪው በፈቃደኞች መዋጮ ይሁን። ነገ ቦታው ለልማት ቢፈለግስ? ቤቱ ቢሄድ እንኳ መዝገቡና ዕቃው ከእኛ ጋር ይሄዳል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? የመጀመሪያዋን መቶ ብር እኔ ጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ።