የማይሟሟው መድኃኒትና የስብ ከረጢቱ



ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዷ ነፍሰ ጡር ሳለች ከመተማ ታማ መጣች። እዚያ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ታበስል ነበር። ትኩሳቱ ለሳምንታት አልለቅ ቢላት ወባ ነው እየተባለ ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጣት። በግራ ጎኗ እብጠት ሲታይ ደግሞ እርግዝናው ነው ያልነው እኛው ነን። ያበጠው ጣፊያዋ ነበር፤ በሽታውም ካላ አዛር።

በአገራችን ለዚህ በሽታ የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን የሚወጋ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። አንደኛው ግን ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ለእሷ የተሰጣት አምቢሶም የሚባለው ነው። ምን እንደሆነ ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

በውስጡ ያለው መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ችግሩ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በደም ሥር እንዲሰጥ ቀድሞ ከሐሞት ጨው ጋር ይቀላቀል ነበር። ሳሙና የምንሠራ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ሳሙና ቅባትን ይዞ ውሃ ውስጥ እንደሚበትነው ማለት ነው። ነገር ግን በሽተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

አምቢሶም ላይ መድኃኒቱ የተሰካው በስብና በኮሌስትሮል በተሠራ ድቡልቡል ከረጢት ግድግዳ ውስጥ ነው። የከረጢቱ ስፋት ከ100 ናኖሜትር በታች ነው፤ ስምንት መቶ ያህሉ ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ከረጢቱ ስለያዘው ኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲያዩ የሚውጡ ሴሎች አሉ፤ ከረጢቱንም ይውጡታል። የካላ አዛር ተውሳክ ተደብቆ የሚኖረው ደግሞ እነዚሁ ሴሎች ውስጥ ነው! መድኃኒቱ በገዛ እግሩ ሌባው ቤት ገባ ማለት ነው።

ሁሉ ነገር ተፈታ ማለታችን አይደለም። ሕንድ ውስጥ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ ያውም በአንድ ቀን ተሰጥቶ ብዙዎችን አድኗል። በእኛ አካባቢ ግን በኪሎ እስከ 30 ሚሊግራም፣ በበርካታ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ መቀመጥ የለበትም፣ በረዶም መሆን የለበትም፤ የመተማን ፀሐይ የምታውቁት ናችሁ። ዋጋው ውድ ስለሆነ ጊሊያድ የተባለው አምራች በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በልገሳ የሚሰጠው አለ።

በሽታው የወንድ ቀን ሠራተኞች ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ሲታወቅ ከታመሙት መካከል ብዙ ሕፃናት እንደነበሩ አስታውሱ።

እህታችን ድናለች፤ ልጇም ዛሬ እዚህ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ሆስፒታል እስክትደርስ ግን ሦስት ሳምንት ያለፈው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን የመኪና ገንዘብ ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ከሳሙናው ሽያጭ የትራንስፖርት ሣጥን እንዲለይ ሐሳብ እናቀርባለን። ከቆላ ተመልሳ ትኩሳቷ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሴት ሁሉ፣ አባል ብትሆንም ባትሆንም፣ ከዚያ ወስዳ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገውን የካላ አዛር ምርመራ ትሂድ። ገንዘብ ያዣችን ከስብሰባው በኋላ መዝገቡን ይዘው በር ላይ ይቆያሉ።