ማርካው የኔ፣ ወረቀቱ የሱ!
(በአቃቂ በሰቃ ለአነስተኛ አምራቾችና ነጋዴዎች ከተደረገ ንግግር)

በጥያቄ ልጀምር። እንበልና አንዲት እህታችን እዚሁ አቃቂ ሳሙና ትሠራለች። ስም አውጥታለታለች፤ ሰዉም ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው በዚያ ስም ነው። ዕቃዋን የሚያከፋፍልላት ሰውዬ አንድ ቀን ስሙን በራሱ ያስመዘግብና «በማርካዬ እንዳትነግጂ!» ብሏት ቁጭ። ለመሆኑ ሌባው ማነው?

አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው ይላል። ይህ ባልከፋ፤ ክርክር ይቀንሳል። ግን ያው አዋጅ መብቱን አስቦ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ አከፋፋዩ እጅ ከገባ፣ በዚህ አንቀጽ ማን ማንን ሊያስፈራራ ነው? እስር ቤት ደግሞ ከዚህ ሰፈር ሩቅ አይደለም!

የሕግ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምዝገባ «ቅን ልቦና የጎደለው» ይሉታል። ኧረ ልብን ማን አይቶ? ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። ሊንት የተባለው የስዊስ ቸኮላት ፋብሪካ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለች የቸኮላት ጥንቸል አስመዝግቦ አንድ የኦስትሪያ ተፎካካሪውን ከሰሰ። ሌሎችም እኮ ጥንቸል ይሠሩ ነበር! ፍርድ ቤቱ ያለው፣ ሌላ ሰው እንደሚጠቀምበት ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ባመለከተበት ቀን ሐሳቡ ምን ነበር? ሊሠራበት ነው ወይስ ሌላውን ከገበያ ሊያስወጣ? ይህም ከሁኔታው ሁሉ ይመዘናል። የሳሙናው አከፋፋይ በደረሰኝ ሲረከብ የኖረ ሰው ነው። «አላውቅም ነበር» ሊል ነው እንዴ?

የአገራችንንም እንይ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ምልክት አሜሪካ ውስጥ እንዲመዘገብለት አመለከተ። ሽርክና! ቃሉም የኛ፣ ሲዳሞም የኛ። መንግሥት በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋ ጨፌን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ሲዳሞ ላይ «የቀደመ ማመልከቻ አለ» ተባለ። ኩባንያው በ2006 ማመልከቻውን ተወ፤ በ2007 ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ቅን ልቦና ጎድሎት ነበር ብዬ አልፈርድም፤ ማንም ፍርድ ቤትም እንዲያ አላለም። ግን ቀድሞ የገባች አንዲት ማመልከቻ አገርን ያህል ነገር ደጅ ካስጠናች፣ የሳሙና ሠሪዋ ነገር እንዴት ይሆን?

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን «ይህን ስም ከመቼ ጀምሮ ሸጥክበት? ከማንስ ጋር ትሠራ ነበር?» ብሎ አመልካቹን አጥብቆ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ሕጉ ማመልከቻው ለሕዝብ እንዲገለጽና ተቃዋሚ እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ግን ከሱቅ ደጅ ሳይነሳ የሚውል ነጋዴ ማስታወቂያውን መቼ ያያል? ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ካርቶን ያሳተማችሁበትን፣ ያስረከባችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ስማችሁንም አስመዝግቡ፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

እስቲ አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ በተለይ ከአከፋፋያችሁ ጋር ያለ ውል የምትሠሩ።