የማዕድን ሀብታችን፦ ለማን? በምንስ ዋጋ?

(በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ለመራጮች የተደረገ ንግግር)




ለከተማ መራጭ ስለ ማዕድን መናገር ያልተለመደ ሊመስል ይችላል። «ወርቁ ጉጂ ነው፣ ኦፓሉ ወሎ ነው፣ እኛ ያለነው ቦሌ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በመድኃኔዓለም ዙሪያ የቆሙትን ፎቆች ቀና ብለን እንመልከት። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ሲሚንቶው፣ የምንረግጠው ኮብልስቶን ሁሉ ከአንድ ቦታ ተቆፍሮ የመጣ ነው። መድኃኒትና ነዳጅ የምንገዛበት የውጭ ምንዛሪም ከማዕድን ጋር የተሳሰረ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ወጪ ንግድ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው፤ የምንጠቀመው እኛ ሆነን ጉድጓዱና ጭሱ ለሌላው የሚቀር ከሆነ ፍትሕ የለም።

የለገደንቢን ጉዳይ እናስታውስ። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው ይህ የወርቅ ማዕድን የመንግሥት ነበር። ወደ ግል ሲዞር ሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ1990 ዓ.ም. የ20 ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ወርቁ ከድንጋዩ የሚለየው በሳያናይድ ነው፤ ዝቃጩም በግድብ ይጠራቀማል። የአካባቢው ሕዝብ ለዓመታት «ውኃችን ተበከለ፣ ልጆቻችን ጉዳት ይዘው ተወለዱ፣ ከብቶቻችን አለቁ» ሲል አቤት አለ። ኩባንያው ክሱን አስተባበለ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ሕዝቡ የውኃውን ምርመራ ውጤት በየጊዜው በቋንቋው ቢያገኝ ኖሮ፣ ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ፣ ጉዳዩ ሰልፍና እገዳ ላይ ባልደረሰ ነበር። ኩባንያውም፣ ሠራተኛውም፣ አገሪቱም ባልከሰሩ ነበር።

ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አገራችን በ2006 ዓ.ም. የማውጫ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ኢኒሼቲቭን በእጩነት ተቀላቅላለች። የጎደለው ወረቀት ሳይሆን አስፈጻሚ ነው።

በእጁ ቆፍሮ የሚያድረውንም ወገናችንን አንዘንጋ። በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወጣት ገደል ውስጥ ዋሻ እየፈለፈለ እንጀራውን ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከመሬት በታች ቀርተዋል። በባህላዊ ወርቅ ማምረትም ሜርኩሪ ከወርቁ ጋር ተለውሶ በእሳት ሲቃጠል እንፋሎቱ የሚገባው በአምራቹና በልጆቹ ሳንባ ነው። እንፋሎቱን ይዞ መልሶ የሚያቀዘቅዝ ቀላል ዕቃ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1. እያንዳንዱ የማዕድን ውልና ከእያንዳንዱ ኩባንያ የተሰበሰበው ገቢ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል።

2. ፈቃድ ከመሰጠቱም ሆነ ከመታደሱ በፊት ነዋሪው በግልጽ ስብሰባ ይደመጣል። የውኃና የአፈር ምርመራ ከኩባንያውም ከፈቃድ ሰጪውም ነፃ በሆነ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል፤ ውጤቱ በቀበሌው ይለጠፋል።

3. ማንኛውም ቆፋሪ፣ የድንጋይ ካባ ባለቤትም ጭምር፣ መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚበቃ ገንዘብ ሥራ ሳይጀምር በባንክ ያስይዛል። ሳይደፈን ቀርቶ ክረምት ውኃ የሚሞላ፣ ልጅና ከብት የሚበላ ጉድጓድ ትቶ መሄድ ያበቃል።

4. ባህላዊ አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው የደኅንነት ሥልጠና፣ መሣሪያና በቅርብ የሚገኝ ሕጋዊ ገዢ ያገኛሉ።

5. ከገቢው የታወቀ ድርሻ ለአካባቢው ሕዝብ ይመለሳል፤ ሌላው ድርሻ ለመጪው ትውልድ ይቀመጣል። ቦትስዋና አልማዟን ከዲ ቢርስ ጋር ግማሽ ለግማሽ በያዘችው ኩባንያ ታወጣለች፤ በፑላ ፈንድም ለነገ ታስቀምጣለች። አፍሪካዊት አገር ይህን ከቻለች እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

እውነቱን እንናገር። ሦስተኛው ነጥብ የአሸዋና የጠጠር ዋጋን በመጠኑ ሊጨምር ይችላል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ይሰማዋል። ጭማሪውን ለማካካስ የፈቃድ አሰጣጡን ከደላላ እጅ አውጥተን ግልጽና ፈጣን እናደርገዋለን። ነገር ግን «ምንም አይነካችሁም» ብለን ድምፅ አንለምንም። ዛሬ ርካሽ የሚመስለው ድንጋይ ቀሪ ሂሳቡን የሚከፍልለት ሌላ ሰው ስላለ ነው።

ውድ መራጮች፣

ወርቅ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይበቅልም። የሚቀረው ወይ ትምህርት ቤት፣ ንጹሕ ውኃና ጥሪት ነው፤ ወይ ጉድጓድ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው የምትመርጡት ምክር ቤት ነው። የምርጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ መዝናችሁ ምረጡ፤ ከመረጣችሁንም በኋላ በእነዚህ 5 ነጥቦች ጠይቁን።