ባዶው ቦታ፦ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ የወደቁ ወታደሮችን እንዴት ያስባል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ዲስኩር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በማርሽ ባንድ ተሰልፈው፣ በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ስለሚያቀርቡት ትርኢት እናገራለሁ። ሙታንን በአደባባይ ማሰብ ምን ይጠይቃል የሚለው ጥያቄ ግን የእነርሱ ብቻ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ለዶክትሬት ጥናቴ በዚያ አገር ሳለሁ፣ በአንድ የኅዳር ምሽት ጎረቤቶቼ ልጃቸው የሚጫወትበትን ትርኢት እንዳይ ጋበዙኝ። አንድ መቶ የሚሆኑ ልጆች የትምህርት ቤቱን የኳስ ሜዳ ሞልተው በረድፍ ቆመዋል። ከበሮው ሲጀምር ረድፎቹ ተንቀሳቀሱ። በመካከለኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነበር። መጀመሪያ አንድ ልጅ ታምሞ የቀረ መሰለኝ። ረድፉ ሲዞር ባዶው ቦታ አብሮ ዞረ፤ ረድፉ ሲሰፋ አብሮ ሰፋ። ከዚያ ሙዚቃው ቆመና ከሜዳው ዳር አንድ ጥሩምባ ብቻውን ተሰማ። ሕዝቡ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ።

ልጅ ሳለሁ ወደ ሰሜን ዘምቶ ያልተመለሰ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። መርዶው የደረሰን ከዓመታት በኋላ ነው፤ የወደቀበትን ቦታ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ ለቅሶ የተቀመጠችው በፎቶግራፉና በኮቱ ፊት ነበር። በዚያ ምሽት የሰው አገር ልጆች ለሰው አገር ሙታን ያቆዩት ባዶ ቦታ ወንድሜን አስታወሰኝ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ትርኢቱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የጦር ሠራዊት ልጅ ነው። ሰልፉ፣ የደንብ ልብሱ፣ ነሐሱና ከበሮው ሁሉ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርካታ የሠራዊት ሙዚቀኞች በየትምህርት ቤቱ መምህራን ሆኑ። በሌላ በኩል ባንዱ የውድድርና የንግድም ልጅ ነው፤ በ1923 በቺካጎ የተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ድጋፍ ነበረው። በሜዳ ላይ ቅርጽ የመሥራቱ ልማድም ከዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባንድ በ1907 ረድፉን አፍርሶ የተቋሙን የመጀመሪያ ፊደል ሠርቶ ነበር። ሐዘንም ፉክክርም በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙት ከእነዚህ ሁለት ወላጆች የተነሣ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ትርኢቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሆኖም ተማሪዎቹ በበጋው ዕረፍታቸው ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ይለማመዱታል። የተለመደው እርምጃ አምስት ያርድን በስምንት እርምጃ መጨረስ ነው፤ አንዱ እርምጃ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ እየተጫወተ፣ ግራና ቀኙን በዐይኑ ጥግ እያየ መስመሩን ይጠብቃል። እንግዲህ ባዶ ቦታ ማቆየት ለምን ከባድ እንደሆነ ይታያችሁ፤ ከሌለ ሰው ርቀትን መጠበቅ ማለት ነውና።

የጎረቤቶቼ ልጅ ከባዶው ቦታ በስተቀኝ ከነበሩት አንዱ ነበር። በልምምዱ መጀመሪያ ላይ ሳያውቀው ወደ ባዶው ቦታ እየሳበ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ መምህራቸው በጋውን ሙሉ በዚያ ቦታ ላይ አንድ ጓደኛቸውን አቆመላቸው። ሰውነታቸው ጎረቤቱን ከለመደ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጁን ከረድፉ አወጣው። ከሜዳው ዳር ጥሩምባውን የነፋው ያ ልጅ ነበር። መታሰቢያ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከመጻሕፍት አላገኘሁም። አብሮን የነበረ ሰው ሲጎድል ቦታውን ሳንሞላ፣ ሳንሸሽም አብሮን እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ይህ ቋንቋ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን የቀድሞ ለቅሶ ለጀግና ሲለቀስ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ወጥቶ በለቀስተኛው መካከል ይዞር ነበር። ኅዳር 25 ቀን 1963 በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ኬኔዲ የቀብር ሥርዓት ላይም ብላክ ጃክ የተባለው ፈረስ ያለ ፈረሰኛ፣ በእርካቦቹ ላይ ቦት ጫማ ወደ ኋላ ዞሮ ተሰክቶበት ተጎትቷል። ከሰልፈኞቹ መካከል የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያንን ባዶ ኮርቻ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

በዚያው ቀን በአርሊንግተን መካነ መቃብር የተነፋው ዜማ በተማሪዎቹ ትርኢት ላይ የሰማሁት ነው፤ ታፕስ ይባላል። በ1862 የእርስ በርስ ጦርነት ሳለ ጄኔራል ዳንኤል በተርፊልድ ከቀድሞ የጥሩምባ ጥሪ አሻሽሎ ለመኝታ ሰዓት ያዘጋጀው ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀብር ዋለ። በአራት የድምፅ ከፍታዎች ብቻ የተሠሩ ሃያ አራት ድምፆች ናቸው። በኬኔዲ ቀብር ላይ ጥሩምባ ነፊው ሳጅን ኪዝ ክላርክ ለሰዓታት ብርድ ላይ ቆሞ ስለነበር ስድስተኛው ድምፅ ተሰበረበት። ብዙ አድማጮች ስሕተቱን እንደ ሲቃ ሰሙት።

ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ቤተሰቡ ከጠየቀ ለእያንዳንዱ ብቁ የቀድሞ ወታደር ቀብር ይህ ዜማ እንዲሰማ ይደነግጋል። ጥሩምባ ነፊዎች ግን አልበቁም። ስለዚህ ከ2003 ወዲህ በጥሩምባ ውስጥ የሚገባ፣ የተቀዳውን ዜማ የሚያሰማ መሣሪያ በሥራ ላይ ዋለ። ወታደሩ ጥሩምባውን ከከንፈሩ ያስጠጋል፤ የሚነፋው ግን ማሽኑ ነው። የማርሽ ሙዚቃው ጌታ ጆን ፊሊፕ ሱዛ በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ የሜካኒካል ሙዚቃ ሰውን ራሱ ከመጫወት እንዳያስተወው ሰግቶ ነበር። የተቀዳው ድምፅ አይሰበርም፤ የሚሰበር ሰው ከኋላው የለምና። የተማሪዎቹ ትርኢት ያለው አንዱ ዋጋ ይህ ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ እስትንፋስ ያለው ልጅ ሊሳሳት እየቻለ ይነፋል።

ነገር ግን ሁለት ተቃውሞዎችን ሳላነሣ ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። የመጀመሪያው፣ ትርኢቱ በዳኞች ፊት ሲቀርብ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለሐዘን ነጥብ ይሰጣልን? የሚል ነው። ይህ ብዙ አያስጨንቀኝም። የእኛም ሙሾ አውራጅ በለቀስተኛው ጆሮ ትመዘናለች፤ ችሎታዋ ሐዘኑን ሐሰት አያደርገውም፤ ይልቁንም ሌላው እንዲያለቅስ መንገድ ይከፍታል። የሚያሰጋው ባዶው ቦታ በጌጥ ሲሞላ ነው። ግዙፍ ባንዲራ፣ የተቀዳ የተኩስ ድምፅና የባለሥልጣን ንግግር ሲደራረቡ ሕዝቡ ለራሱ ያጨበጭባል፤ ሟቹ ይረሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው። አሜሪካ በ1973 የግዳጅ ምልመላን ካቆመች ወዲህ በመደበኛው ሠራዊት የሚያገለግለው ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጦርነቱ ቤቱ ያልገባ ተመልካች ከሩቅ ሆኖ ክብር መስጠቱ አይከብደውም። በሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ የምልመላ ዕድሜ ላይ ናቸው። በ2002 የጸና ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጅ ካልተቃወመ በቀር የተማሪዎችን ስምና አድራሻ ለመልማዮች እንዲሰጡ ያዝዛል። ታዲያ መታሰቢያው ለሟቹ ነው ወይስ ለሚቀጥለው ተሰላፊ? ትርኢቱ ወታደሮቹ ለምን እንደሞቱና ማን እንደላካቸው ካልጠየቀ፣ ሐዘን ሳይታወቅ ወደ ጥሪ ሊለወጥ ይችላል። መምህራን ይህን ጥያቄ ከልምምዱ ጋር አብረው ካላስተማሩ ሥራቸው ግማሽ ነው።

እነዚህን ሁለት ተቃውሞዎች ይዤም ያ ምሽት ሐሰት ነበር አልልም። እነዚያ ልጆች የማያውቁትን ሰው ርቀት መጠበቅን በእግራቸው ተምረዋል። ባዶው ቦታ ስም አልተጻፈበትም ነበርና እኔም የራሴን ሟች ላቆምበት ችያለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ስለ ሐውልት፣ ስለ መታሰቢያ በዓል ወይም ስለ ኅሊና ጸሎት ጥናት ስትጽፉ፣ ምን እንደተሠራና ምን እንደተነገረ ብቻ አትመዝግቡ። ለሟቹ የተተወው ቦታ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ማንስ ሊሞላው እንደሚሽቀዳደም ጠይቁ።